የወጌሻው እጅ

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ሱሉልታ

ካምፓችን ዛሬ አዲስ ወጌሻ ቀጠረ። ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፣ በፕላስተር እግር ላይ ይለጠፋል፣ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ምሳም አይበላም። እኔ ሞቱማ አሥራ አራት ዓመት በእግር ኳስ ቡድኖች፣ አሥራ ስድስት ዓመት ደግሞ በዚህ የሩጫ ክለብ ጡንቻ ሳሽ የኖርኩት ሰውዬ፣ ቆሜ አጨበጨብኩለት።

ያመጣው ዕዝራ የሚባል ኢንጂነር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቷል፤ በእኛ መስክ ጭቃ ሦስት ቀን ነጭ ሆኖ እንደማይቆይ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ዕቃውን ሴንሰር ይለዋል። ጡንቻ ሲሠራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል፣ ሲደክም ያ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ሴንሰሩም ለውጡን ለስልክ ይነግራል። አረንጓዴ ከሆነ ሩጥ፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ አቁም። በአጭሩ የትራፊክ መብራት ነው። የቡራዩ ታክሲዎች ለትራፊክ መብራት ያላቸውን ክብር ስለማውቅ ብዙ አልተደነቅኩም።

"ጋሼ፣ ጡንቻው ራሱ ነው የሚናገረው" አለኝ።

"እኔን ሠላሳ ዓመት ሲያወራኝ ኖሯል፤ አንተ ዛሬ ነው የተዋወቅከው" አልኩት። ሴቶቹ ሯጮች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ መሳቁ አናደደኝ።

ይህ ሁሉ ግርግር ከእነሱ አንዷ ለሆነችው ለሶያማ ነው። ሰኔ ላይ ውድድር መሃል የግራ ባቷ ተቀደደ። ሐኪም አያት፣ አረፈች፣ ከዚያ እኔ እያሸኋት ቀስ በቀስ ወደ ሩጫ ተመለሰች። ጥር ላይ የውጭ አገር ማራቶን አለ፤ ለክለባችን ሦስት ቦታ ተሰጥቶታል። ማጣሪያው ታኅሣሥ 11 ሰበታ አስፋልት ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ትሩጥ ወይስ አትሩጥ ብለው አሠልጣኛችን ኦቦ ገርባ የሚጠይቁት እኔን ነው። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ያ ባት ዳግመኛ ክፉኛ ከተቀደደ ሩጫዋ አበቃ።

እና ይህን በፕላስተር ይወስኑት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።


ጥቅምት 16፣ እሑድ። ቡራዩ

ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል የሸሚዜን ቁልፍ የቆለፈችው ደስታነሽ ናት። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር የምትናገር ሴት ናት። የዘመኑ ሸሚዝ ቁልፍ ለአሻንጉሊት የተሠራ ነው አልኳት። ደግሞ የሱሉልታ የጠዋት ውርጭ እጅ ያደነዝዛል።

"እዚህ ቡራዩ ውርጭ የለም" አለችኝ።

ሚስቴ የአየር ጠባይ ባለሙያ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ደግሞ ጀመረች። "ሌሊት እጅህን ስታራግፍ አልጋው ይነቃነቃል። ሐኪም ጋ ሂድ።" ሠላሳ ዓመት ሰው ያሸ እጅ ሐኪም ጋ ሄዶ ምን ይላል? ሰላም ሊል?


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሶያማ በሴንሰር ሮጠች። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ግራ ባቷ ቢጫ፣ አሥራ አንድ ላይ ቀይ። ቀኙ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ። ዕዝራ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ስኒከሩ ቡናማ ሆኗል።

"ግራው ቀድሞ እየደከመ ነው። ሙሉ በሙሉ አልዳነም። አንድ ወር ሩጫ ቀንሳ የማጠንከሪያ ስፖርት ብትሠራ ለማጣሪያው ትደርሳለች።"

ኦቦ ገርባ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

አስተኛኋት። ሁለቱንም ባቶች ያዝኩ። ከላይ እስከ ተረከዝ ወረድኩ፣ ተመለስኩ። ምንም ቋጠሮ አላገኘሁም። ምንም።

"ቅቤ ነው" አልኩ። ሶያማ ተንፍሳ ፈገግ አለች። "ጋሼ ካሉ አበቃ" አለች።

ኋላ ከመታጠቢያው ጀርባ ዕዝራ ሄመንን ሲያወራት ሰማሁ። ሄመን ከሴቶቹ በዕድሜ ትንሿ ናት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ። "ጋሼ ጎበዝ ናቸው፤ ግን ዝም ብሎ በእጅ እኮ ነው" ይላታል።

በእጅ እኮ ነው! እናቱ በምን እንዳሳደገችው ሊጠየቅ ይገባ ነበር።


ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። የወንዶቹ ቡድን ተራ። ስምንት ሰው አሸሁ። የዘይቱ ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ጠርሙሱ ያዳልጣል። ዘይት ነዋ።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

ቁርስ ላይ ያ ልጅ ስለ ሶያማ ግራ እግር እንደገና ጀመረ። ትዕግሥቴ አለቀ። "ኦቦ ገርባ፣ አራት ሴቶች ያስተኙልኝ፣ ፊታቸውን ይሸፍኑ። ከሁሉ የደከመውን ባት እኔ በእጄ፣ እሱ በዕቃው እንፈልግ" አልኩ። ትናንት ዕረፍት ወጥቼ ስለነበር ማን ከባድ ልምምድ እንደሠራ አላውቅም። ኦቦ ገርባ ደስ አላቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቁማር ባይወዱም ውርርድ ይወዳሉ።

ካምፑ በሙሉ መታሻ ክፍሌ በር ላይ ተሰበሰበ። ሶያማ፣ ሄመን፣ አቤኒና አንዲት ሌላ ሯጭ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው በሆዳቸው ተኙ፤ ጃኬት ተደረበባቸው። መጀመሪያ ዕዝራ ሴንሰሩን ለጥፎ በተራ በተራ ተነሥተው በእግር ጣታቸው እንዲቆሙ አደረገ፤ ሃያ ጊዜ ብድግ ዝቅ። ስልኩን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። "ሄመን ወይም አቤኒ ናት፤ አሥር ደቂቃ ብትሰጡኝ..." ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ላይ "የሶያማ ግራ ግን..." ማለት ጀምሮ ነበር፤ በጩኸት አስቆሙት።

እኔ ገባሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። "ሄመን!" አልኩ።

ትክክል! ትናንት ወደ እንጦጦ ደን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ዳገት የወጣችው ሄመን ብቻ ናት። ሌሎቹ እዚሁ መስክ ላይ ነበሩ። አቤኒ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ወንዶቹ አፏጩ። ኦቦ ገርባ "እስከ ማጣሪያው ሴቶቹ ላይ ይህን ነገር እንዳላየው! ካርቶኑ ውስጥ ይግባ" አሉ። ዕዝራ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ።

የእኛ መስክ አፈር ጥቁር ነው። የደኑ ቀይ ነው። ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ በር ላይ የተደረደረ ጫማ ማየቱ ኃጢአት አይደለም። ዓይን ያለው ያያል። ወጌሻ ማለት በሁሉም የሚያውቅ ሰው ነው።

ሴንሰርስ ቢሆን በስልክ ነው የሚያየው።


ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ከግቢው ዘበኛ እስከ ወጥ ቤቷ ድረስ "ማሽኑን የረታው" ይሉኛል። ዕዝራ የሚሠራው ከፈቃደኛ ወንዶች ጋር ብቻ ሆኗል። ሰላም ይለኛል፤ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ። እንዲህ ያለው ትሕትና አያጠራጥርም?

ሶያማ ዛሬ ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጠች። ከልምምድ በኋላ ስትመጣ ደረጃውን በቀኝ እግሯ ብቻ እየቀደመች ወጣች። ድካም ነው አለች። አሸኋት። ቅቤ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ቡራዩ

የሽሮ ድስት ከምድጃው አነሣሁ። ያለ ጨርቅ። ደስታነሽ ጮኸች። እኔ ለምን እንደምትጮህ እየጠየቅኳት ድስቱን ይዤ ቆሜ ነበር። ቆዳ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ነው የነገረኝ።

ሦስት ጣት ውሃ ቋጥሯል። አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሃል። የቀኝ።

ሴትዮዋ እጄን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረች አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ተረተች። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል የሰማሁት ላንተ ነው! ማክሰኞ ክሊኒክ ትሄዳለህ። ካልሄድክ ኦቦ ገርባ ጋ እኔ እሄዳለሁ።"

ማስፈራሪያውን ከየት ተማረችው? ከእኔ።

ለካምፑ ዘይት አቃጠለኝ እላለሁ። በሁለት ቀን ይሽራል።


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ቡራዩ

ሄድኩ። ደስ ይበላት።

መንገድ ዳር ያለች የአካል ሕክምና ክሊኒክ ናት። ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ ሽማግሌ ክንዳቸው ላይ ሴንሰር ተለጥፎባቸው የፕላስቲክ ኳስ ይጨምቃሉ። ይሄ ነገር ተከትሎኝ መጣ አልኩ በሆዴ። ባለሙያዋ አሲያ ትባላለች፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ሙያዬን ስጠየቅ "ነጋዴ" አልኩ።

ከዓሣ ማጥመጃ የቀጠነ ክር አወጣች። "አባቴ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎ ላይ ስነካዎት ተሰማኝ ይበሉ።" የሕፃን ጨዋታ! ጨፈንኩ። ጥቂት ጠበቅኩ። መንካት ያለባት ጊዜ መሰለኝና "ተሰማኝ" አልኩ። ትንሽ ቆየሁና "ተሰማኝ"። "አሁንም ተሰማኝ።"

ዓይኔን ስገልጥ ክሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየኛለች።

"አባቴ፣ እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም" አለች።

ከዚያ ጀመረች። ሦስቱን ጣቶች በክሩ ነካቻቸው አሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምንም ሳልናገር፣ መጀመሯን ስጠባበቅ ጨርሳለች።

የእጅ አንጓዬ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ታፍኗል። "ከጊዜ ብዛት ነው፤ ብዙ ዓመት በእጅዎ የሚጫን ሥራ ሠርተዋል?" አለችኝ። ጨርቅ ነው የምሸጠው አልኳት። በጨርቅ ነጋዴ እጅ ላይ የወጌሻ አውራ ጣት አይታ ወረቀቷ ላይ "ጨርቅ ነጋዴ" ብላ ጻፈች። አንጓዬን የሚይዝ ድጋፍ ሰጠችኝ፣ ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ወረቀት ጻፈችልኝ። ቶሎ ቢደረግ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ስሜቱ ግን ሙሉ በሙሉ መመለሱን እንጃ አለች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከውርጩ ጀምሮ አልኳት። የየትኛው ዓመት ውርጭ እንደሆነ አልነገርኳትም።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ድጋፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምገባው። ካምፕ ውስጥ አላደርገውም።

ሶያማን አሸሁ። በክንዴ ሞከርኩ። በመዳፌ ጠርዝ ሞከርኩ። ግራው ከቀኙ የሚለይ መሰለኝ። መሰለኝ! ሠላሳ ዓመት ሠርቼ መሰለኝ።

"እንዴት ነው ጋሼ?"

"ደህና ነው።"

ይህን ቃል ማን እንደተናገረው እንጃ። አፌ ከእጄ ቀድሞ ለምዷል።


ኅዳር 28፣ እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ደስታነሽ ብቻዋን ሄደች። እዚያ ቆሜ ለማን ነው የምዋሸው?

ትናንት ሄመን ለአቤኒ ስትነግራት ሰማሁ። ሶያማ ከልምምድ በፊት የሕመም ማስታገሻ እየዋጠች ነው። "ያማታል እኮ። ግን ጋሼ ጡንቻሽ ደህና ነው ስላሉ ሕመሙ የፍርሃት ነው ትላለች። ራሷን ትሳደባለች፣ ፈሪ ነሽ እያለች" አለቻት።

ልጅቷ የራሷን እግር ትታ የእኔን እጅ አመነች። የእኔ እጅ ደግሞ ትኩስ ድስት ከቀዝቃዛ አይለይም።

ለምን አልናገርም? ምክንያቶቼን ልደርድራቸው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አፈርኩባቸው። ኦቦ ገርባ ያዝናሉ። ክለቡ ሌላ ወጌሻ ይፈልጋል። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሁሉም እውነት ነው። እውነተኛው ግን ይሄ ነው፦ ያ ባለ ስኒከር ልጅ ልክ ነበር ብዬ በሰው ፊት መቆም አልፈልግም። ለዚህ ነው የሰው እግር ይዤ የምጫወተው። አቤት ትልቅ ሰው! አቤት ማሽኑን የረታው!

ነገ እናገራለሁ።


ኅዳር 29፣ ሰኞ

ኦቦ ገርባ ስብሰባ ሄደው አልመጡም።


ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

መጥተው ነበር። ስለ ማጣሪያው መኪና ስናወራ ቆየን። ለመናገር አፌን ከፍቼ ሹፌሩ ገባ። ሹፌሩን እንደዛሬ ወድጄው አላውቅም።


ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ነገ ነው። ሶያማ "ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው ይነኩልኛል አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷ በሳቅ ሄደች። እኔ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሜ አስታወክሁ። እንደ ጀማሪ ሯጭ።


ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። ከሰበታ መልስ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ንጋት ላይ ሰበታ ደረስን። መኪናው መንገድ ዳር ቆመ። ሶያማ በሩ ላይ ተቀምጣ ግራ እግሯን ዘረጋችልኝ። ሁሉም ከበቡን፤ ልማድ ነው፣ ወጌሻው ነክቶ "ሂጂ" ሲል ያጨበጭባሉ። ዕዝራም ከወንዶቹ ጋር መጥቶ ነበር፣ ከኋላ ቆሟል።

ያዝኩት። እግሯ ከውርጩ የተነሣ ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። እሱንም አላወቅሁም።

"እጅህ ምን ይላል?" አሉ ኦቦ ገርባ።

"ምንም አይልም።"

ሳቁ። "ምንም ከሌለማ ደህና ናት!"

"አይደለም ኦቦ ገርባ። እጄ ሞቷል። ሦስቱ ጣቶቼ አይሰሙም። ይህቺ ልጅ ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። ጥቅምት ላይም አላውቅም ነበር።"

"ማል ጄቴ? ምን አልክ?" አሉ። ሲደነግጡ ኦሮምኛቸው ይቀድማል። ከዚያ ትከሻዬን ያዙ። "ሞቱማ፣ ማጣሪያው አስፈርቶህ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ማሽኑን የረታህ አንተ አይደለህም?"

ለዚህ መልስ ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ቃላት ያሉበት። ሁሉም ጠፋ። "በጫማው ነው ያወቅሁት። የሄመን ጫማ ቀይ አፈር ነበረበት" አልኩ።

አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ኦቦ ገርባ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ውሻ ምግባቸውን ሲበላ ያገኙ ሰው ይመስሉ ነበር።

ዕዝራ የሚዘብትብኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን እኔን አላየኝም። ሶያማ ፊት በርከክ ብሎ "ልለጥፈው? ካልፈለግሽ እተወዋለሁ" አላት። እግሯን ዘረጋችለት። "ለጥፈው" አለች።

ኦቦ ገርባ "ትጀምር፤ ቀይ ካለ አስቆማታለሁ" አሉ። ሮጠች። እኛ በመኪና ተከተልን። ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ቢጫ። ዘጠኝ ላይ ቀይ። ኦቦ ገርባ ከመኪናው ወርደው መንገዱ መሃል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። አልቆምም ብላ ልታልፋቸው ሞከረች፤ ያዟት። የመኪናውን በር በጡጫ ደጋግማ መታችው። ሄመንና አቤኒ አጠገቧ አልፈው ሮጡ። እሷ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

ውሃ ይዤላት ሄድኩ። አልተቀበለችኝም።


ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

የምርመራው ውጤት መጣ። የድሮው ቁስል ዳር እንደገና ተቀድዷል፣ ግን ጥቂት ነው። ያን ቀን ሠላሳውን ብትጨርስ ኖሮ ሙሉ ለሙሉ ይበጠስ ነበር አለ ሐኪሙ። ከአምስት ወር በኋላ ትሮጣለች። ማራቶኑ ግን የለም።

ኦቦ ገርባ አላባረሩኝም። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ጫማ እየቆጠርኩ አድላለሁ። ከዚህ የባሰ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ። አሲያ የጻፈችውን ወረቀት ደስታነሽ ይዛ ቀጠሮ አስይዛልኛለች።

ሶያማን ግቢ ውስጥ አገኘኋት፤ በክራንች ናት። ይቅርታ ልላት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

"ጋሼ፣ ጥቅምት ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ ታኅሣሥ ላይ እሮጥ ነበር።"

ይኸው ነው። ሌላ ምን ይጨመርበታል?


ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

የሶያማ እናት አዴ ደጊቱ ዛሬ ልጃቸውን ወደ ቤት ሊወስዱ መጡ። ከለገዳዲ ወዲያ ካለ ገጠር በእግርና በሦስት መኪና ነው የመጡት። አንድ ቅርጫት እንቁላል ይዘዋል፤ በጭድ ተጠቅልሎ አንዱም አልተሰበረም።

ልጅቷን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን ነው የጠየቁት። ዕቃ ክፍሉ ድረስ መጡ። "ወጌሻው እርስዎ ነዎት? ሩጫውን ያስቆሙላት?" አሉኝ። ማን እንዲህ ብሎ እንደነገራቸው እንጃ። ቅርጫቱን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ሳልዘጋጅ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። የተቃጠለውን ቦታ፣ ጣቶቹ ላይ። ሲስሙት አየሁ እንጂ አልተሰማኝም።

"ገለቶማ፣ ገለቶማ ኦቦ ሞቱማ። የልጄን እግር አተረፉልኝ። እጅዎ ይባረክ።"

ሶያማ ከኋላቸው በሩ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉንም ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ሴትዮዋ እንቁላላቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር፤ ምናልባትም ምራቃቸውን ይተፉብኝ ነበር። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ትናገር ብዬም ተመኘሁ።

ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል ቆየች። ከዚያ "እማ፣ ነይ መኪናው እንዳያመልጠን" አለችና ዞረች።

"አሜን" አልኩ ለእናትየው። ልጅቷ እያነከሰች ስትሄድ ቆሜ አየሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።